ስም የሌላት ሸረሪት

ባለፈው የዝናብ ወቅት በ7ኛ ክፍል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር አጋጠመን። አንድ ተማሪ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ ሸረሪት ይዞ መጣና «ቲቸር፣ የዚቺ ስም ማነው?» አለን። «ሸረሪት ናታ!» አልነው። «እሱንማ አውቃለሁ፤ የራሷን ስም ነው የጠየቅኩት» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ለልጆቹ «ግድግዳ ላይ ሸረሪት ካያችሁ በጫማ በሉት» ብለን የምናስተምር እኛው ነበርን።

ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። መምህራን ተሰብስበን አነበብን፣ ተከራከርንበት፣ ያገኘነውንም ይኸው ጻፍነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጅምላ ስምና የራስ ስም

በእኛ ክፍል ውስጥ ሸረሪት ብዙ ስም አላት። በአማርኛ ሸረሪት፣ በትግርኛ ሳሬት፣ በሶማልኛ ዓሮ፣ በዓረብኛ ዐንከቡት፣ በስዋሂሊ ቡይቡይ ናት። የሚወራላትም ብዙ ነው። ሙስሊም ተማሪዎቻችን ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ በተሰደዱ ጊዜ ዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ሳለ፣ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ ድሯን አድርታ አሳዳጆቹን እንደመለሰች ይተርካሉ። አማርኛ ተናጋሪውም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። እንግዲህ ሸረሪትን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም ማለት ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የጅምላ ስሞች ናቸው። እስካሁን በሳይንስ ስም ተሰጥቷቸው የተመዘገቡት የሸረሪት ዝርያዎች ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። 50 ሺኛዋ መዝገብ ላይ የሰፈረችው በ2022 ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የተገኘች ዘላይ ሸረሪት ናት። መዝገቡን የሚይዘው በስዊዘርላንድ የሚገኘው የበርን ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው።

50 ሺህ ሕዝብ ያለበትን ካምፕ አስቡ። ሁሉንም «ስደተኛ» ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም። ግን ራሽን ሲታደል፣ ታማሚ ሲፈለግ፣ የጠፋ ልጅ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ «ስደተኛ» የሚለው ስም ምንም አይሠራም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የራስ ስም ነው። ተማሪያችን የጠየቀንም ይህንኑ ነበር።

ትምህርቱን ያቋረጠው ስዊድናዊ

ለሸረሪቶች የራስ ስም መስጠት በሥርዓት የተጀመረው ስዊድን አገር ነው። ሰውየው ካርል ክለርክ ይባላል። በ1709 ተወለደ፣ በ1726 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ግን ገንዘብ አጠረውና ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያም የመንግሥት ሥራ ያዘ፤ በኋላ በስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

በ1739 ታዋቂው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ስቶክሆልም ውስጥ ያደረገውን ንግግር ሰማ። ያ ንግግር ልቡን ወሰደው። የቢሮ ሥራውን ሳይለቅ ነፍሳትና ሸረሪቶች ይሰበስብ፣ ያያቸውንም ይጽፍ ጀመር። በ1757 «የስዊድን ሸረሪቶች» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ከ60 በላይ ዝርያዎችን ከቀለም ሥዕሎች ጋር ይዟል። ለእያንዳንዷ ሸረሪት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ሰጣት። ለምሳሌ በጀርባዋ ላይ ነጭ የመስቀል ቅርጽ ያላትን የአትክልት ቦታ ሸረሪት «አራኔዎስ ዲያዴማቱስ» አላት፤ ዘውድ የደፋች እንደማለት ነው። ይህ ስም ዛሬም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አሰጣጥ ሕግ መነሻ ያደረገው ሊኔየስ በ1758 ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የወጣ የእንስሳ ስም በሕጉ አይታወቅም። ለአንድ ሥራ ብቻ ልዩ ፈቃድ ተደርጎለታል፤ እሱም የክለርክ የሸረሪት መጽሐፍ ነው። ስሞቹ በ1758 መጀመሪያ ቀን እንደወጡ ይቆጠራሉ፣ ከሊኔየስ ስሞችም ቅድሚያ አላቸው። ተማሪው ከመምህሩ ቀደመ ማለት ነው።

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን አለንና ይህን ስናነብ ደስ አለን። ቶሎ ብለን ግን ራሳችንን ገታን። ክለርክን ያስከበረው ማቋረጡ አይደለም። ያየውን በጥንቃቄ ለካ፣ ሣለ፣ ጻፈ፤ ሌላ ሰው መጽሐፉን ይዞ ወጥቶ ያችኑ ሸረሪት ሊያገኛት ቻለ። የሚያስከብረው ይሄ ነው።

«አዲስ ዝርያ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ተማሪዎች «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ትናንት የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ሸረሪቷ ግን ከእኛ በፊት የነበረች ናት። አዲሱ ነገር መዝገቡ ነው። መዝገብ ላይ ለመግባት ደግሞ ረጅም መንገድ አለ፤ አጠር አድርገን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሸረሪቷ ተይዛ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ከእሷ ጋር ትንሽ ወረቀት ይቀመጣል፦ የተገኘችበት ቦታ፣ ቀኑና የሰበሰባት ሰው ስም። ይህ ወረቀት ከጠፋ ሸረሪቷ ከየት እንደመጣች የሚነግር የለም፤ ለሳይንስ ያላት ዋጋም ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ሸረሪቷ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆን አለባት። ቀለምና መጠን ያታልላሉ። አንዱ ዝርያ ብዙ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችም መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ የሚያዩት የመራቢያ አካሉን ነው። ወንዱ ከአፉ አጠገብ «ፓልፕ» የሚባሉ ሁለት አጫጭር እግር መሳይ አካሎች አሉት፤ ዘሩን ወደ ሴቷ የሚያስተላልፈው በእነሱ ጫፍ ነው። ሴቷም ከሆዷ ሥር ተቀባይ አካል አላት። የቅርጻቸው ልዩነት ዝርያን ከዝርያ ይለያል። ሕፃን ሸረሪት ግን ይህ ሁሉ ገና ስላልወጣላት ብዙ ጊዜ «የእገሌ ዝርያ ናት» ብሎ መቁረጥ አይቻልም።

ሦስተኛው ሥራ ማወዳደር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ከእሷ ጋር የሚዛመዱት ሁሉ ከ1757 ጀምሮ በተለያየ አገርና ቋንቋ ተጽፈዋል። እነሱን አንብቦ፣ በየሙዚየሙ ያሉትን ናሙናዎች አይቶ «ይቺ ከእነዚያ ከአንዷም አይደለችም» ለማለት ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

በመጨረሻም መግለጫው ከሥዕልና ከልኬት ጋር ታትሞ ይወጣል። አንዲት ናሙና ተመርጣ «ሆሎታይፕ» ትባላለች፤ የስሙ ምስክር ናት። በሙዚየም ትቀመጣለች። ከ100 ዓመት በኋላ ጥርጣሬ ቢነሣ፣ የሚፈርደው የሰው ወሬ ሳይሆን የእሷ አካል ነው።

ከሸዋ እስከ ጄኖቫ

ይህ ታሪክ ወደ እኛ አገርም ይመጣል። በ1876 የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ቡድን ሸዋ ገባ። መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ (ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው) በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ እዚያ ተቀምጦ ወፍ፣ አውሬና ነፍሳት ሲያሰባስብ ኖረ፤ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ከሸዋ የሄዱት ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው ጣልያን ደረሱ። ፒየትሮ ፓቬሲ የተባለው ፕሮፌሰር መረመራቸውና በ1883 በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት ላይ «የሸዋ መንግሥት» የሚል ርእስ የያዘ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። እንግዲህ የአንኮበር ሸረሪት በአውሮፓ መዝገብ የገባችው ከአድዋ ጦርነት 13 ዓመት በፊት ነው።

ይህን በክፍል ስንናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ የአንኮበር ሰዎች ሸረሪታቸውን አያውቋትም ነበር?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያውቋታል እንጂ! የትኛዋ ጣራ ሥር እንደምትኖር፣ የትኛዋ ሜዳ ላይ እንደምትሮጥ እረኛው ያውቃል። በዚያ ዘመን በየአገሩ ለፈረንጅ ተመራማሪዎች ነፍሳት እየያዙ ያመጡ የነበሩት ብዙ ጊዜ ያገሬው ሰዎችና ልጆች ናቸው። ስማቸው ግን ከብልቃጡ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ያልተጻፈ እውቀት ከባለቤቱ ጋር ይሞታል፤ የጻፈው ሰው ግን «አገኘ» ይባላል። ይህ ትክክል ነው ወይ? አይደለም እንላለን። ግን በማማረር አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው እኛም ስንጽፍ ነው።

የምቢታዋ ሸረሪት

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በኬንያ በኩል፣ ምቢታ ፖይንት የሚባል ቦታ አለ። አይሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል እዚያ ጣቢያ አለው። ማዕከሉን በ1970 የመሠረተው ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ ነው፤ የምቢታው ጣቢያም በእሱ ስም ይጠራል።

በዚህ አካባቢ በቤት ግድግዳና በሣር ላይ የምትኖር ትንሽ ዘላይ ሸረሪት አለች፤ ቁመቷ 1 ሳንቲሜትር አይሞላም። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ሮበርት ጃክሰን በምቢታ ሆኖ ሲያጠናት፣ ፖላንዳዊቷ የሸረሪት ሊቅ ዋንዳ ቬሶዎቭስካ ደግሞ ከቀደሙት ዝርያዎች ጋር አመሳከረቻት። በ2003 ሁለቱ በዋርሶ መጽሔት ላይ 4 ገጽ ብቻ የሆነ ጽሑፍ አወጡ። ሸረሪቷም ስም አገኘች፦ «ኤቫርካ ኩሊሲቮራ»። ኤቫርካ የወገኗ ስም ነው፤ ኩሊሲቮራ ማለት ቢምቢ በሊታ ማለት ነው።

ስሟ እንዲያው አልተሰጣትም። ይቺ ሸረሪት ድር ዘርግታ አትጠብቅም። ስምንት ዓይን አላት፤ የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ትልልቅ ናቸው፣ እይታቸውም ስለታም ነው። አይታ፣ አድብታ፣ ዘላ ትይዛለች። በ2005 ጃክሰን፣ ዚሜና ኔልሰንና የአይሲፔው ባልደረባ ጎድፍሬይ ሱኔ አንድ ላይ ባወጡት ጥናት የሚገርም ነገር ታየ። ሸረሪቷ ከሌላ ነፍሳት ሁሉ አብልጣ የምትመርጠው ደም የጠጣችውን ሴት ቢምቢ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ቢምቢ የሚመስሉ የማይናከሱ ትናንሽ ዝንቦች እንደ ጭስ ደመና ይነሣሉ፤ ምግብ ሞልቶላታል ማለት ነው። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል ደም የያዘችውን ትለያለች። የሰውን ቆዳ መውጋት አትችልም፤ ደሙን የምታገኘው በቢምቢዋ ሆድ በኩል ነው።

በ2006 የወጣው ጥናት ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ትናንሾቹ ሸረሪቶች የወባ ትንኝን፣ ማለትም አኖፌለስን፣ ከሌላ ቢምቢ ይለያሉ። አኖፌለስ ስታርፍ ከኋላዋ ከፍ ብላ፣ አጎንብሳ ነው የምትቀመጠው፤ ይህን በ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ሥዕል ላይ ታገኙታላችሁ። ሸረሪቶቹ ያንን አቀማመጥ አይተው ከኋላ፣ ከሆዷ ሥር ሾልከው ይይዟታል። በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት ሸረሪቶቹ ከታጠበ ካልሲ ይልቅ ሰው ለብሶት የዋለ ካልሲ ሽታ ወዳለበት ሄዱ። ሰው ያለበት ቢምቢ አለና! ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ማን ካልሲውን እንደሚያቀርብ ተመራረጡ።

ልብ በሉ። ከ2003 በኋላ የወጡት እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የቆሙት በዚያ 4 ገጽ ላይ ነው። ጽሑፉ ባይኖር «ኬንያ ውስጥ አንዲት ሸረሪት ቢምቢ ትበላለች» የሚል ወሬ ይቀር ነበር። የትኛዋ? ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለም። እስካሁን እንደሚታወቀው ይቺ ዝርያ የምትገኘው በኬንያና በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ብቻ ነው።

መለየት ሕይወት ያድናል

«ሸረሪት ብትለይ ባትለይ ምን ይጠቅመናል?» ያለን ባልደረባ ነበር። ሚዛኑን ለማሳየት ከሸረሪቷ ወደ ምግቧ እንዙር። ለብዙ ዘመን በአገራችን «ወባ የሚመጣው ከረግረግና ከኩሬ ነው» ተብሎ ተምረናል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ከደቡብ እስያ አካባቢ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ ዝርያ በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። በኬንያም መገኘቷ በ2023 ተነገረ። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ የምትራባው በታንከር፣ በበርሜልና ክዳን በሌለው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።

አያችሁ? «ያው ቢምቢ ናት» ብሎ ያለፈ ሰው ኩሬውን ሲያደርቅ ይውላል፤ ትንኟ ግን በደጁ በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። ያዳነው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይቺ ሌላ ናት» ያለው ሰውም አለበት። በመካከላችን ወባ ልጅ ያልወሰደበት፣ ወይም የጎረቤቱን ልጅ ያልቀበረ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የቅንጦት ትምህርት አይደለም።

ወደ ብልቃጡ ስንመለስ

ይህን ታሪክ በክፍል ካነበብን በኋላ ልጆቹ ጮኹ፤ «ቲቸር፣ የእኛዋ ያቺው ናት!» አሉ። ደስታቸውን ማብረድ ከባድ ነበር፤ ግን አበረድነው። የእኛ ካምፕ ከሐይቁ ሩቅ ነው። የብልቃጧ ሸረሪት ስምንት ዓይን፣ ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ነበሯት፣ ትዘልም ነበር። ስለዚህ ከዘላይ ሸረሪቶች ቤተሰብ መሆኗን መናገር እንችላለን። ይህ ቤተሰብ ብቻውን ከ6 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት። ከዚያ በላይ ለመናገር ማይክሮስኮፕም፣ መጻሕፍትም የለንም። መምሰል መሆን አይደለም። የማናውቀውን «አናውቅም» ማለት የሳይንስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ እኛም መምህራኑ ያን ቀን ተማርነው።

ደግሞ ሌላው፣ ሸረሪት አለችልን ብሎ አጎበር የሚተው እንዳይኖር! የምቢታዋም ብትሆን አጎበርን አትተካም። አጎበራችሁን በየማታው አውርዱ፣ የጀሪካናችሁንና የበርሜላችሁን ክዳን ግጠሙ። ቤት ውስጥ ያለችውን ዘላይ ሸረሪት ግን በጫማ አትቸኩሉባት። «በሉት» ያልነውን መልሰናል፤ ተሳስተን ነበር።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ማይክሮስኮፕ ባይኖርም ደብተርና እርሳስ አለ። ተማሪዎች አንድ ገጽ ይክፈቱ። ያዩትን ሸረሪት ይሣሉ፤ እግሮቿን ይቁጠሩ፣ ድር መዘርጋቷን ወይም መዝለሏን ይጻፉ፣ ምን ስትበላ እንዳዩ ያስፍሩ። ከሥሩም ቦታ፣ ቀንና የራሳቸው ስም ይኑር። በእጅ መንካት ግን አያስፈልግም፤ የሚናከሱም ስላሉ በዓይን ይበቃል።

ያ ተማሪ የመጀመሪያውን ገጽ ሞላ። ሸረሪቷን ሣለ፤ እግሮቿ ትንሽ ተንሻፈዋል እንጂ ስምንት ናቸው። ቦታ፦ የክፍላችን መስኮት። ቀን ጻፈ። ከዚያ «ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና «ምናልባት እስካሁን ማንም ስም አልሰጣት ይሆን?» አለን። «ሊሆን ይችላል» አልነው። ባዶውን ተወው። ከታች «ያየው ሰው» በሚለው ፊት ለፊት ግን የራሱን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ በትልልቁ ጻፈ። ሸረሪቷንም በመስኮቱ በኩል ለቀቅናት።